ከስደት የተመለሱ ልጆች በአዳማ፦ ዜግነት አላቸው፤ ወረቀትና ቋንቋስ?

2014 ዓ.ም. አገሪቱ ሁለት ዓይነት ተመላሾችን የጠራችበት ዓመት ነበር። አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ገናን በአገሩ እንዲያከብር መንግሥት ጥሪ አቀረበ፤ ቦሌ በአበባና በባንዲራ ደመቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ስምምነት ተደረሰ። ስለ መጀመሪያዎቹ ሲወራ ርእሱ የውጭ ምንዛሬና ኢንቨስትመንት ነበር፤ ስለ ሁለተኛዎቹ ሲወራ የሥራ ዕድልና የማቋቋሚያ ብድር። በእናትና በአባታቸው እጅ ተይዘው ስለገቡት ልጆች ግን ያኔም ሆነ ዛሬ ብዙ አይነገርም። የመመለሱ ጉዳይ የሚሳካውም የሚበላሸውም በእነሱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ለሕገወጥ ነዋሪዎች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነዚህ ከ8,000 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ሁለተኛው የምሕረት አዋጅ መጣ፤ ከዚያ በኋላም በረራው አልተቋረጠም።

አዳማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ከመንገዶቿ የመጣ ነው። የአዲስ አበባው፣ የአዋሽና የድሬዳዋው፣ የአሰላው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። የአርሲ ገጠር ሴት ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናም የምትሄደዋ በአዳማ ታልፋለች፤ የምትመለሰዋ ብዙ ጊዜ አዳማ ትቀራለች። ልጅ ይዛ ያለ ባል የተመለሰች ሴት መንደሯ መግባት ይከብዳታል። ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ቡና አፍልቶ ወይም ሰው ቤት ተመላላሽ ሠርቶ ማደር ይቀላል። ከአዳማ በስተደቡብ ባሉት በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የሚኖሩ እናቶችም ታሪካቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሕጉ ለእነዚህ ልጆች ቸር ነው። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገር ውስጥም በውጭም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6ም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ይህንኑ አጽንተዋል። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት የለብንም። ሊባኖስን በመሳሰሉ ብዙዎቹ የስደቱ መዳረሻ አገሮች የአገሬው እናት እንኳ ዜግነቷን ለልጇ እንደ አባት ማስተላለፍ አትችልም። የእኛ ሕግ እናትን ከአባት እኩል ካደረገ ግን መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ችግሩ ያለው ከሕጉ ወደ ወረቀቱ ሲወረድ ነው። ሳዑዲ ውስጥ አንድ ሕፃን የልደት ማስረጃ እንዲያገኝ ወላጆቹ የጋብቻ ሰነድና የመኖሪያ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የምትኖር ሴት ሁለቱም የሏትም። ያለ ጋብቻ መውለድ በራሱ ስለሚያሳስር ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ በጓደኛ እጅ ቤት ውስጥ ይወልዳሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በውጭ የሚወለዱ ዜጎችን ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች እንዲመዘግቡ ያዝዛል። ሆኖም ፖሊስ እንዳያገኛት የምትሰጋ እናት አራስ ልጅ ታቅፋ ከተማ አቋርጣ ቆንስላ ደጃፍ አትሰለፍም። በመጨረሻ እናትና ልጅ በሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ለአንድ ጉዞ ብቻ በሚያገለግል የይለፍ ወረቀት ተሳፍረው ይመጣሉ። ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚመሰክርለት ይኸው ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ቀበሌ ይመጣል። እናትየው አዳማ ለመመዝገብ ከተወለደችበት ወረዳ መሸኛ ማምጣት አለባት። መሸኛው ላይ ያለው ስሟና የፓስፖርቷ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ደላላ ፓስፖርት ሲያወጣላት ዕድሜዋን ጨምሮ፣ ስሟንም ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ክርስቲያን ሆነው ሳሉ በሙስሊም ስም የተላኩ ልጃገረዶች ጥቂት አይደሉም። እናትየው በወረቀት ሁለት ሰው ስትሆን ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት ጣጣ ነው፤ አንዳንዴ ፍርድ ቤት ድረስ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ መዝጋቢው ፎርሙን ይዞ ይጠይቃል፦

«እህቴ፣ የልጁን አባት ማን ብዬ ልጻፍ?»

«የአባቴን ስም ጻፍልኝ።»

ብዙ ልጆች በአያታቸው ስም የሚጠሩት በዚህ መንገድ ነው። አንዳንዱ አያት ቤት ይቀራል፤ እናቱ ተመልሳ ስትሄድ የሚያሳድጉት አያቶቹ ናቸው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሌላ ሰው ልጅን ከአብራክ ልጅ እኩል የሚያደርግ ጥንታዊ ሥርዓት ነውና፣ ልጅን ተቀብሎ የራስ ማድረግ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ከቢሮዎቻችን ይልቅ ባህሉ ለእነዚህ ልጆች ቀድሞ በር ከፍቷል።

ወረቀቱ የተገኘ ዕለት ትምህርት ቤት ይከተላል፤ እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ይላል። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይሰጣል። በአዳማ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ስለዚህ ወላጅ ከሁለቱ ይመርጣል። ፖሊሲው መልካም ነው፣ ለብዙ ሚሊዮን ልጆችም ጠቅሟል። ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ልጁ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ክፍል እንደሚገባ። በጅዳ ወይም በሪያድ በአሠሪ ቤት ጓሮ ያደገ የስምንት ዓመት ልጅ አፉን የፈታው በዓረብኛ ነው። እናቱ ኦሮምኛ የምታወራው በስልክ፣ ሌሊት፣ ሥራዋን ስትጨርስ ነበር። ቁቤው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እሱ ካየ ያየው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ፊደል ገበታው ፊትም እንግዳ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ምን ይደረጋል? የተለመደው መልስ አንደኛ ክፍል ማስገባት ነው። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእሱ በሚያንሱ ሕፃናት መሀል ይቀመጣል፣ ቁመቱ ያሳፍረዋል፣ «ዓረቡ» የሚል ቅጽል ይወጣለታል፣ ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ድንቁርና ይቆጠርበታል። ይኸው ልጅ ማታ መድረሳ ሲሄድ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እኩዮቹ ፊደሉን ሲቆጥሩ እሱ የሚነበብለትን ይረዳል፣ ኡስታዙም ከፊት ያስቀምጠዋል። ጠዋት ሰነፍ የተባለው ልጅ ማታ ጎበዝ ነው። መምህራን ይህንን ቢያዩ ኖሮ ብዙው ነገር ይለወጥ ነበር። የሚያስፈልገው ለወራት የሚቆይ፣ ቋንቋውን ብቻ የሚያስይዝ የመሸጋገሪያ ክፍልና ዓረብኛ የሚችል አንድ ረዳት መምህር ነው። በአዳማ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ ከእናቶቹ መካከል እንኳ ይገኛል።

በጅዳና በሪያድ ባሉት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ የትምህርት ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ፣ አማርኛም ያውቃሉ። እነዚህ ግን የሕጋዊ ነዋሪዎች ልጆች ናቸው።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመለሰው ቤተሰብ ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ ወረቀት ሞልቶታል። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ አውጥቶ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ወላጆች የማያስተውሉት አንድ ድንጋጌ አለ። በውጭ በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

በሻሸመኔ ደግሞ ሌላው ገጽታ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ በሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ላይ የሰፈሩት ራስታፋሪያን ወደ አገራችን ተመለስን ይላሉ። ጀማይካ ሰፈር ተወልደው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆቻቸው ግን ለብዙ ዓመታት የውጭ ሰው ነበሩ፤ ሕጋችን ዜግነትን የሚቆጥረው በደም እንጂ በተወለዱበት አፈር አይደለምና። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታውቋል። ቋንቋው ያላቸው ሻሸመኔ ላይ ዜግነት ሲጠብቁ፣ ዜግነት ያላቸው አዳማ ላይ ቋንቋ ይጠብቃሉ።

የአዳማዎቹ ጉዳይ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ አዲስ ሕግ አይሻም። ቆንስላው እናቶች ከመመለሳቸው በፊት በሳዑዲ ማቆያ ውስጥ ሳሉ ልጆቹን መዝግቦ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከሊሴ ፓሴው ጋር ቢሰጥ፣ የቀበሌው ምልልስ በግማሽ ይቀንሳል። ትምህርት ቤቶችም ወረቀቱ እስኪሟላ ልጁን ተቀብለው ሊያስተምሩ ይችላሉ። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው፤ የተመላሾች በረራ ግን ወር አይመርጥም። በጥር ወይም በመጋቢት የገባ ልጅ «ለመስከረም ተመለሱ» ሲባል የሚያባክነው ግማሽ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው።