በዋሻ ስለሚኖር እንሽላሊት፤ አገሩና መኖሪያው

የእንሽላሊት ወገን ብዙ ነው። አንዳንዱ ሌሊት በቤት ግድግዳ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ ከጣቱ በታች ያለው ልዩ ቈዳ በግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል፤ ዐይኑም ቈብ የለውምና አይከደንም። የዋሻ እንሽላሊት የተባለው ግን በሁለቱም ነገር ይለያል። ድንጋዩን የሚቧጥጠው በጥፍሩ ነው፤ ዐይኑንም እንደ ሰው ይከድናል፤ ይገልጣል። የጠቢባን ስሙ ጎኒዩሮሳውሩስ ሉዪ ነው። መልኩ ጠቈር ያለ ሆኖ በጀርባው ላይ ብጫ መቀነት አለው፤ ቁመቱም ጅራቱን ጨምሮ አንድ ስንዝር ያህል ነው።

አገሩ በደቡብ ቻይና የጉዋንግሲ ክፍልና ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው የሰሜን ቬትናም አገር ነው። በዚያ የኖራ ድንጋይ ኰረብቶች እንደ ዐምድ ቆመው ይታያሉ። ዝናብ ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ቀጭን ኮምጣጣነት ይቀበላል፤ ይህም ውሃ በብዙ ሺህ ዘመን የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ ስንጥቅና ዋሻ ያወጣል። በአገራችን በባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻም የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያወጣው ነው።

እንሽላሊቱ ቀን ርጥበት ባለበት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ዋሻው አፍና ወደ ቋጥኙ ወጥቶ ፌንጣና ሸረሪት ይህንም የመሰለውን ያድናል። በዋሻው ጥልቅ ጨለማ ውስጥ ተክል ስለማይበቅል ምግብ ጥቂት ነውና ከደጁ እጅግ አይርቅም። በኰረብታና በኰረብታ መካከል ያለው ሜዳ ግን ለእርሱ እንደ ባሕር ነው፤ ኰረብታውም እንደ ደሴት ይሆንበታል። ስለዚህ በአንድ ኰረብታ ያለው ቢያልቅ ከሌላው መጥቶ የሚተካው አይገኝም ማለት ይቻላል። ሴቲቱም በአንድ ጊዜ የምትጥለው 2 ዕንቍላል ብቻ ነው።

ይህን እንሽላሊት ሊቃውንት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. መርምረው ስም ሲያወጡለት፥ እንደ ልማዳቸው የተገኘበትን ስፍራ ጭምር ጻፉ። ጽሑፉ የታተመው ለዕውቀት ነበር። ነገር ግን እንስሳውን ወደ ውጭ አገር የሚሸጡ ነጋዴዎች ስሙን ሰሙ፤ የአንዱም ዋጋ ከ1500 እስከ 2000 የአሜሪካ ዶላር ደረሰ። በ2006 ዓ.ም. ሊቃውንት እንደ ገለጹት መጀመሪያ በተገኘበት ስፍራ እንሽላሊቱ ፈጽሞ ጠፋ፤ የቀረው በሌሎቹ ኰረብቶች ያለው ነው። ከዚህ በኋላ አዲስ የዋሻ እንሽላሊት ያገኙ ጠቢባን አገሩን እየነገሩ ዋሻውን መሰወር ጀመሩ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታት ተስማምተው በቻይናና በቬትናም ያሉት የዚህ ወገን እንስሳት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጡ በውል አጸኑ።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ዋሻና ወደ ገደል ወስደው ፍጥረትን ሲያሳዩ ይህን ነገር ቢያስታውሱ መልካም ነው። የእንስሳን ማደሪያ ያወቀ ሰው የእንስሳውን ሕይወት በእጁ ይዟልና፤ ሽማግሌዎችም በአካባቢያቸው ያለውን ዋሻ ለሚጠይቅ እንግዳ ከመንገራቸው በፊት ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት።