ጭስ ጠቋሚ መግጠምን ማን ያስተምራል?

ከደሴ ወደ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ አምባሰል ወረዳና ውጫሌ ናቸው። በዚህ መስመር የደህንነት ካሜራና የእሳት ማንቂያ የሚገጥም ባለሙያ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ ሁለቱ ሙያዎች ገበያው ላይ እኩል እንደማይታዩ መረዳት ያስፈልጋል።

ካሜራ የተገጠመለት ነጋዴ ወዲያው ምስሉን በስልኩ ያያል፤ ካልታየው ሂሳቡን አይከፍልም። ጭስ ጠቋሚ ግን እሳት እስኪነሳ ድረስ ኮርኒስ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሚገባ የተገጠመውም ለስሙ ያህል የተለጠፈውም ለባለቤቱ አንድ ናቸው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲጽፍ እንዳሳየው፣ ገዢ ጥራትን መለየት ሲያቅተው ለጥሩ ዕቃ የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ጥሩው ሻጭም ከገበያው ይወጣል። በእኛ ጉዳይ የሚወጣው ተለማማጅ ሊያስተምር የሚችለው ሰው ነው።

የሚያስተምረውም ቀላል አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ የሚገጠመው ሙቀት ጠቋሚ ነው፤ የጭሱ ከተገጠመ ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል፣ ሠራተኞቹም ተማረው ይነቅሉታል። መብራት ሲጠፋ ጠቋሚዎቹ የሚታሰሩበትን መቆጣጠሪያ ፓኔል በሥራ ላይ የሚያቆዩት ብዙውን ጊዜ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ናቸው። በመስመሩ ጫፍ የሚታሰረው ሬዚስተር ደግሞ ገመዱ ቢበጠስ ፓኔሉ እንዲያውቅ ያደርጋል። ጀማሪው ሥራ ለማቅለል እዚያው ፓኔሉ ውስጥ ቢያስረው፣ ገመዱ መሃል ላይ ተቆርጦም ፓኔሉ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ይህን ስህተት የሚይዘው አጠገቡ የቆመ የለመደ ሰው ነው።

የትብብር ሥልጠና የተቀረጸውም ለዚህ ነበር፦ 30 በመቶ በተቋም፣ 70 በመቶ በድርጅት። በደሴው ወይዘሮ ስኂን ወይም በኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የተማረ ወጣት ያን 70 በመቶ የሚሰጠው ድርጅት ይሻል። ድርጅቱ ግን ያሰላል፦ ጊዜዬን አጥፍቼ ያበቃሁት ልጅ ነገ አዲስ አበባ ቢሄድስ? ስለዚህ ገመድ ያስጎትተዋል እንጂ ፓኔል አያስከፍተውም። ስሌቱ ከራሱ አንጻር ትክክል ስለሆነ በልመና አይለወጥም።

በእኔ እምነት የመፍትሔው መነሻ ቁጥጥር ነው። እሳት የጎረቤትንም ንብረት ስለሚበላ ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው እሳት ያየነው ይህንኑ ነው። ሕንፃን በሕግ መቆጣጠርም አዲስ ነገር አይደለም፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለሆቴል ወይም ለገበያ ማዕከል የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መብራት ያጥፋ፣ አንድ ገመድ ይፍታ፣ እያንዳንዱን ጠቋሚ በጭስ ይሞክር፤ የገጠመውን ባለሙያና የተለማማጁን ስም አብሮ ይመዝግብ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሰላል፣ የመሞከሪያ ጭስ ቆርቆሮና የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው። ያኔ የሐይቅ ሆቴል ባለቤት ፈቃድ እንዳይከለከል ፈርቶ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ልጁም የሚያሳየው የተፈተነ ሥራ ይኖረዋል።