በአብጃታ ዳር የቀረው የድንጋይ መደብ



ይህችን ጽሑፍ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ አንድ መቀመጫ ነው። «ስለ መቀመጫ ደግሞ በጋዜጣ ይጻፋልን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ነገሩን በዐይኔ ሳላይ ብሰማው ኖሮ እንዲሁ እል ነበር።

በቡልቡላ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጧት ተማሪዎቼን ይዤ አብጃታ ሐይቅን ለማሳየት ሄድኩ። ውሃው ገና በሩቁ እንደ መስተዋት ሲያብረቀርቅ ይታይ ነበር፤ እኛ ግን የቆምንበት ስፍራ ነጭ አቧራና የደረቀ ሣር ብቻ ነው። በዚያው ሜዳ ላይ፥ ግማሹ በደረቀ አንድ ግራር ሥር፥ ሦስት ሜትር የሚሆን በድንጋይና በሲሚንቶ የታነጸ መደብ አገኘን። አንድ ጎኑ ፈርሷል፤ በላዩ ፍየሎች ተኝተውበታል። ከመደገፊያው ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በነፋስና በፀሐይ ተፍቆ «መታሰቢያ» የምትለው ቃልና ከርሷ ራቅ ብላ «ዓሣ» የምትለው ብቻ ይነበባሉ።

ከተማሪዎቼ አንዲቱ ወዲያው ጠየቀች። ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ለምን ዓሣ ተብሎ ተጻፈ? ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። መምህር መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ይኸውም «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን» አልኩ። ፈርማ የያዘችኝ ያህል ነው፤ በሳምንቱ ሰኞ ከክፍል ገና ሳልገባ ጠየቀችኝ።

መልሱን ያገኘሁት በከተማችን ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ነው። በወጣትነታቸው አብጃታ ላይ መረብ ይጥሉ ነበር። እርሳቸው እንደ ነገሩኝ፥ በሐይቁ ላይ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ክፉ ነው፤ አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቻቸው ቆሮሶ ጭነው ሲመለሱ ማዕበሉ ጀልባዋን ገለበጣት፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ አጥማጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ይህን መደብ አሠሩ፤ መረባቸውን የሚጠግኑበትም፥ ዘመድ ቆሞ ጀልባ የሚጠብቅበትም ሆነ። አዛውንቱ የአንደኛውን ሟች የቤት ስም ብቻ ያስታውሳሉ፤ በመደቡ ላይ ተጽፎ የነበረውን ሙሉ ስም ግን ዘነጉት። በነገሩኝም ጊዜ ይህ መዘንጋታቸው ከሞቱ ይልቅ ያሳፈራቸው ይመስል ነበር።

እንግዲህ ውሃው የት ሄደ? አብጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃ የሚያገኘው በተለይ ከዝዋይ በሚመጣው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚወርደው በሆራ ቀሎ ነው፤ የገባው ሁሉ በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል እንጂ የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ የሚገባው ጥቂት ቢቀንስ ሐይቁ ወዲያው ይሸሻል። ድሮም ከፍ ዝቅ ማለት ልማዱ ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በገንዳ ማድረቅ ጀመረ፤ ከዚያም በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻውና የአበባ እርሻው እየሰፋ በሄደ ቁጥር በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ እያነሰ መጣ። በደረቅ ወራት ወንዛችን ድንጋዩ ታይቶ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ በ2000ዎቹ ወደ ግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። የቀረው ውሃ ጨዉ እየበረታ ሄደና ቆሮሶው አለቀ።

ዓሣው ሲያልቅ ያዘነው አጥማጅ ብቻ አይደለም። ከአብጃታ ጎን ያለው ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ በመካከሉ ባለች ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች እንቁላላቸውን ይጥሉ ነበር፤ ሻላ ግን የሚበቃ ዓሣ የለውምና በየቀኑ በመካከል ያለውን ኮረብታ አልፈው ወደ አብጃታ እየመጡ ይመገቡ ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል አርባን የተባሉ ሊቃውንት ይህን ተከታትለው በ1961 ዓ.ም. ጽፈዋል። ዛሬ ለተማሪ የማሳየው ፍላሚንጎ ነው፤ እርሱ ዓሣ አይሻምና ጨው ውሃ ይስማማዋል። ስለ ፔሊካኑ ግን በታሪክ መልክ ነው የምናገረው።

ወደ መደቡ ልመለስ። ታሪኩን ከሰማን በኋላ እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ልናድሰው ተስማማን። በምን ዓይነት መንገድ እንደሚታደስ ግን አልተስማማንም። አንደኛው መምህር፥ ሰው በማይቀመጥበት በረሃ ላይ መቀመጫ መጠገን ገንዘብ መጣል ነው፤ ድንጋዩን ነቅለን ወደ ላንጋኖ ዳር እንውሰደው፤ እዚያ ሰንበት ሰንበት የሚዝናና ሰው ሞልቷል አለ። እውነቱን ልናገርና እኔም በዚህ አሳብ ተስማምቼ ነበር። ይህንኑ ለአዛውንቱ ብናማክራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ ጓደኞቻቸው ላንጋኖ ላይ እንዳልሞቱ ነገሩን። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከቤታቸው ስንወጣ ስለ ማዛወር ያነሣ አልነበረም።

በኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሌላ ምክንያትም ታየኝ። ሐይቁ ድሮ እስከ የት ድረስ እንደ ነበር የሚመሰክር በአካባቢው ከዚህ መደብ ሌላ በሰው እጅ የቆመ ምልክት አላየሁም። ተማሪዎቹ ከመደቡ እስከ ውሃው ዳር ቢቈጥሩ 1,340 እርምጃ ሆነ፤ በበጋው ማለቂያ ደግሞ ቢቈጥሩ ጨመረ። ድንጋዩን ብናነሣው ይህ ልክ አብሮ ይጠፋል። በኡዝቤኪስታን ሙይናቅ በምትባል ከተማ የአራል ባሕር ሸሽቶ መርከቦች በአሸዋ ላይ ቀርተዋል፤ በቀድሞው የባሕር ዳር የቆመው የጦርነት መታሰቢያም ዛሬ ወደ በረሃ ይመለከታል፤ ማንም ግን ወደ ውሃው አላዛወረውም። በአገራችንም የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ፈጽሞ ደርቆ ሳለ ከዓመታት በኋላ ውሃ መያዝ ጀምሯል። የአብጃታም ውሃ አንድ ቀን ወደ መደቡ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ያን ጊዜ መደቡ በስፍራው መገኘት አለበት።

በልጅነቴ የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን መጽሐፈ ኢያሱን ሲያስተምሩን፥ ሕዝቡ ከዮርዳኖስ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋይ አውጥተው ያቆሙት ልጆች ወደ ፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መሆኑን ነግረውን ነበር። ያን ጊዜ የፈተና ጥያቄ ይሆናል ብዬ ነው የያዝሁት። ያቺ ተማሪዬ ስትጠይቀኝ ግን ትዝ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ስፍራው በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለ ሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልንና ማመልከቻ ጻፍን። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላውን ነው አለን፤ ሌላው ደግሞ መደቡ በንብረት መዝገብ ውስጥ ስለማይገኝ የሌለ ነገር ለማደስ ፈቃድ መስጠት አይቻልም አለን። (ይህን የነገረኝ ሹም ደግ ሰው ነበር፤ ነገሩ ራሱንም አስቆታል።) ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ዘንድ ማመልከቻችን ለአራት ወራት ያህል ከቆየ በኋላ አንድ ወጣት ጸሐፊ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አነበበውና፥ አዲስ ሥራ ካልሆነና የዛፍ ሥር ካልተቈፈረ መጠገን አይከለከልም የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ አስፈርሞ ሰጠን። አባቱ በልጅነቱ ከአብጃታ የመጣ ዓሣ ይሸጥ እንደ ነበር የነገረን ደብዳቤውን ከሰጠን በኋላ ነው። ይህ ወጣት ማመልከቻውን ባያነብ ኖሮ እስከ ዛሬ በዚያው ጠረጴዛ ላይ በተገኘ ነበር።

ሥራው ራሱ ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው የፈጀው። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ከደመወዛችን ገዛን፤ አሸዋውንና ውሃውን በአህያ ጋሪ አጓጓዝን። በቡልቡላ ዙሪያ ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ሞልቶአልና በርሱ እንሥራው ብለን ነበር፤ ግንበኛው ግን ነፋሱ ቶሎ ይበላዋል ብሎ እምቢ አለ፤ የፈረሰውን ጎን የወደቀውን የቀድሞ ድንጋይ ለቅሞ መልሶ ሠራበት። ፍየሎቹ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ወጥተውበት የአንዲቱ ኮቴ እስከ ዛሬ በዳሩ ላይ ይታያል። ግንበኛው ሊያስተካክለው ፈልጎ ነበር፤ አዛውንቱ ይቈይ አሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ አዛውንቱን በመኪና ወስደን በመደቡ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ወደ ውሃው አቅጣጫ እየተመለከቱ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያም ነፋሱ ሊነሣ ነውና እንሂድ አሉን።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው። ለሟቾቹ ስም የሚሆን ሰሌዳ በመደገፊያው ላይ ተለስኗል፤ ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ስም አናውቅም። በዚያ ዘመን አብጃታ ላይ ያጠመዱት ሰዎች ዓሣው ሲያልቅ ወደ ዝዋይ፥ ወደ ሐዋሳ፥ ወደ ናዝሬትና ወደ አዲስ አበባ ተበትነዋል። ልጆቻቸው ዛሬ ምናልባት ይህን ጋዜጣ በቢሮ ውስጥ የሚያነቡ ሠራተኞች ናቸው። በሐይቁ ላይ ስለ ሰጠሙት ሁለት አጥማጆች ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሰማ፥ በቤቱም ስለዚህ መደብ የተወሳለት አንባቢ ቢኖር በጋዜጣው በኩል ያስታውቀኝ። እርግጠኛ ያልሆንበትን ስም መጻፍ ነውር ስለሚሆን ግንበኛው ሰሌዳውን ባዶውን ትቶታል፤ ፊደሉን የሚቀርጽበትን መሮም ከእኔ ዘንድ አስቀምጦ ሄዷል።

አንድ መምህር
ከቡልቡላ