ስለ ነርስነት ትምህርትና ከትምህርቱ በኋላ ስለሚገኘው ሥራ

በአማርኛችን «አስታማሚ» የሚባለው ከታመመው ሰው አልጋ አጠገብ የማይለየው ዘመድ ነው። ውኃ ያቀብላል፤ ገላ ያጥባል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል። ይህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በየቤታችን ያለ ስለሆነ፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነርስነት እማራለሁ ባለ ጊዜ «ማስታመም ደግሞ አራት ዓመት ይማሩታልን?» የሚሉ ወላጆች አሁንም አልጠፉም። በመካነ ሰላምም ሆነ በአቀስታ፣ በአጅባርም ሆነ በቱሉ አውሊያ ይህን የሚጠይቅ ሰው ይገኛል። መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል። ልጁ በዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ዓመት ማለቂያ ላይ በአንድ ወረቀት የሚሞላው ምርጫ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከማን አልጋ አጠገብ እንደሚቆም፣ ምናልባትም በየትኛው አገር እንደሚኖር የሚወስን ነውና።

ነርስነት በሥርዓት የሚማሩት ሙያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉትን ወታደሮች ካስታመመች በኋላ፣ በሎንዶን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶችን ትምህርት ቤት ያስከፈተችው በ1852 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ ያ ትምህርት ቤት ከዚያ ቀን የሚቀድመው በ8 ዓመት ብቻ ነው። ወደ አገራችን ለመድረስ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ፈጀበት።

ከኢትዮጵያውያን ወገን በዚህ ሙያ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛውም ተማሪ ሠርተው ተምረው፣ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማዕረግ ተቀበሉ። አገር ነጻ በወጣ ጊዜም ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕሙማንን አገለገሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የነርስ ልብስ ለብሰው በወሎ ሕሙማን መካከል መቆማቸው ለዚያ ዘመን ሰው ታላቅ ነገር ነበር፤ የእኛ አገር ሰው ስለ ነርስነት ሲናገር ይህን መርሳት አይገባውም። ከዚያም ባል አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ ከእርግዝናና ከወሊድ በመጣ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር። ማዕረጋቸውም ትምህርታቸውም ከዚህ ሞት አላዳናቸውም።

በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶችም ትምህርት ቤት ነበረው። ይኸው ሆስፒታል በደርግ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራልያ ወደዚያ የመጡት ለነርሶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ በኋላ በፊስቱላ ሆስፒታላቸው ዓለም ሁሉ አወቃቸው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ የነርሶች ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1942 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከጤና መኮንኖች ጋራ የኅብረተሰብ ነርሶችን ለገጠር አሠለጠነ። ከዚህ ውጭ የነበረው ድሬሰር ነው። ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት መርፌ ወጊ ብዙውን ጊዜ እርሱ ነበር።

ዛሬ በወሎ ወደ ነርስነት የሚያስገቡት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና እርሱን የመሳሰሉት የመንግሥትና የግል ኮሌጆች በር ነው፤ በዚህ የሚገቡት በሌቭል ተምረው ይመረቃሉ፤ ሥራ ይዘው ቆይተውም ወደ ዲግሪ ማደግ ይችላሉ። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው በር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ነርስነትን በዲግሪ ያስተምራል፤ የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። በራሳችን አምባ ስም የተጠራው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። ነገር ግን የትምህርት ክፍሎች ከዓመት ዓመት ሊከፈቱም ሊታጠፉም ስለሚችሉ፣ በዚያ ዓመት የትኛው ክፍል ተማሪ እንደሚቀበል ከሬጅስትራሩ ሳይጠይቁ ስም ብቻ ሰምቶ መሄድ አይበጅም።

የዲግሪው ዘመን አራት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት ለተማሪ ሁሉ የጋራ ነው፤ ቋንቋ፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ይሰጡበታል። ከዚያ ወዲያ የሰው አካል አሠራር፣ የበሽታ ጠባይ፣ የመድኃኒት ኃይልና መጠን ይከተላል። የመጨረሻዎቹ ዘመናት በአብዛኛው በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ቆመው የሚያልፉ ናቸው። በዚያም ተማሪው የደም ግፊትን ለክቶ መጻፍ ብቻ ሳይሆን፣ ቍጥሩ ምን እያለው እንደሆነ ማንበብን ይማራል። በቤት የሚያስታምመው ዘመድ ሕመምተኛው «ዛሬስ ደኅና አደረ» ሲል፣ የተማረው ነርስ ከትንፋሹ ብዛትና ከሽንቱ ማነስ ሌላ ነገር ሊያይ ይችላል። አራት ዓመት የሚፈጀውም ይህ ነው።

ወላጆች በብዛት የማያውቁት ነገር መንገዱ ከገቡበት በኋላ መከፋፈሉን ነው። ጠቅላላ ነርስ የሚሆነው በማናቸውም የሆስፒታል ክፍልና በጤና ጣቢያ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ግን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ የሕፃናት ነርስ፣ ጨቅላ ሕፃናትን የሚጠብቅ ነርስ፣ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርስ፣ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ተብሎ በየስሙ የሚመረቅ አለ። አዋላጅነትና የሰመመን ሙያ ደግሞ ከነርስነት ጎን ለጎን ራሳቸውን የቻሉ ዲግሪዎች ሆነዋል። ሁሉም በአንድ ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

ስለ አገራችን ደጋ ስናስብ፣ በእኔ አሳብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው አዋላጅነት ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከገደል ማዶ ካለው ቀበሌ እስከ መኪና መንገዱ ያለው የቃሬዛ ጉዞ በዚህ አይቈጠርም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ግን ሰዓት አይሰጥም። እናቲቱ የምትተርፈው በዚያው ባለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት በጊዜው የሚሰጥ፣ የእንግዴ ልጁን በአግባቡ የሚያወጣ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ የሚገባትንም ሳይዘገይ የሚለይ ሰው ሲኖር ነው። ይህንን ወንድም ሴትም ይማረዋል። ዳሩ ግን በገጠራችን ብዙ እናቶች በወንድ ፊት መውለድን ስለሚያፍሩ፣ የአገሯን ወግና የእናቶችን አነጋገር የምታውቅ ልጅ ከዚያው ተምራ ብትመለስ ዋጋዋ እጥፍ ነው።

የሰመመን ባለሙያውም እንዲሁ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቀዶ ሐኪም ቢኖር፣ ቢላዋው ቢሳል፣ መብራት ቢበራ፣ የሚያደነዝዝ ከሌለ ጠረጴዛው ባዶውን ያድራል። በአነስተኛ ሆስፒታል ይህ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ቀንም ሌሊትም የሚጠራው እርሱ ነው፤ ይህን መንገድ የሚመርጥ ልጅ እንቅልፉን ለሰው እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወቅ።

የዓይን ነገር ደግሞ አለ። የአማራ ክልል ትራኮማ አብዝቶ ከሚጎዳቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ሲፍቅ ሰውን ያሳውረዋል፤ ይህንን የሚያቃናውን ትንሽ ቀዶ ሕክምና ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ሳይቀር ይሠሩታል። ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። የአእምሮ ሕሙማን ነርስነት በበኩሉ በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚሠራበት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ሥራው ግን በየወረዳው ይፈለጋል። ጠበሉን ሳያስቀር መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ቤተ ሰቡን በትሕትና የሚያስረዳ ሰው የሚያሻው በእንደኛ ባለው አገር ነው።

ዲግሪው በእጅ መግባቱ ብቻ ለሥራ አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም። ለጤና ሙያ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ይህን ሳያልፍና ሳይመዘገብ በነርስነት የሚሠራ ሰው በሕግ ፊት ያለ ፈቃድ የሠራ ነው። በጽሕፈት ሥራዬ የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ክስ መዝገብ አይቼ አውቃለሁና፣ «ወረቀቱን በአቋራጭ እናወጣለታለን» የሚል ሰው በቤታችሁ ደጃፍ ቢመጣ ደጃፉን እንድትዘጉበት እመክራለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እውነት መሸፈን አይገባም። በአገራችን ጤና ጣቢያው ነርስ እያነሰው፣ የተመረቀው ነርስ ደግሞ ሥራ እያጣ በአንድ ጊዜ የሚታይበት ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚቀጠረው በችግሩ ልክ ሳይሆን በወረዳው በጀት ልክ ስለሆነ ነው። የተቀጠረውም ቢሆን ደመወዙ ኑሮውን አይችልለትም። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው አቤት ብለው በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ጦርነቱም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴ በተያዘች ጊዜ ትልቁ ሆስፒታሏ ተዘርፎ፣ ባለሙያዎቹ ሲመለሱ ከባዶ ክፍል ጀምረዋል። ልጁን ወደዚህ ሙያ የሚልክ ወላጅ ይህን አውቆ ይላከው።

በሌላ በኩል ደግሞ መንገዱ በጤና ጣቢያ አይቆምም። ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ነርስ በሁለተኛ ዲግሪ በአዋቂዎች ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በእናቶች ወይም በጽኑ ሕሙማን ነርስነት ሊማር ይችላል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክትሬት ድረስ ያስተምራል። ከዚያ መምህርነት አለ፤ በሆስፒታል ውስጥም የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆነችው ሜትረን አለች። (ቀድሞ ሴቶች ብቻ ይዘውት የነበረውን ይህን ሹመት ዛሬ ወንዶችም ይይዙታል፤ ሕዝቡ ግን ወንዱን ነርስ «ዶክተር» እያለ መጥራቱን አልተወም።)

የውጭ አገሩ ነገር በየቤቱ ስለሚነሣ ጥቂት ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ያሉት ነርሶች 29.8 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ 5.8 ሚሊዮን ያህል ይጎድላሉ ብሏል። ስለዚህ ባለጠጎቹ አገሮች ነርስ ይፈልጋሉ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የአገራችን ዲግሪ ቢኖረውም ማስረጃው ተመርምሮ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና በእንግሊዝኛ ማለፍ አለበት። ከዚያ የሄዱት ብዙዎቹ ወገኖቻችን በመጀመሪያ በረዳትነት ሽማግሌዎችን እያጠቡ ሠርተው፣ ማታ ማታ ተምረው ነው ነርስ የሆኑት። ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ለቤተ ሰቡ እተዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን ከአንደኛው ዓመት ጀምሮ ያልያዘ ግን ለመሄድም ለሁለተኛ ዲግሪም እንደሚቸገር ግልጽ ነው።

በመጨረሻ፣ የጸሐፊ ሰው ስለሆንሁ ስለ ወረቀት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የልጁ ስም በ12ኛ ክፍል ማስረጃው፣ በዲግሪው፣ በሙያ ፈቃዱና በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ። «ጸጋዬ» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ መልክ፣ በሌላው በሌላ መልክ ተጽፎ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ የሚመላለስ ወጣት አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ድካም የሚቀረው፣ ልጁ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለፈተና ሲመዘገብ አባት ወይም እናት አጠገቡ ቆመው ፊደሉን አንድ ጊዜ ቢመለከቱለት ነው።