የፈርዖን ልብ ስለ መጽናቱ፤ ስለ ሰውም ነፃ ፈቃድ የቀረበ ሐተታ

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ ፬ እና ምዕራፍ ፯ እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር ሙሴን ወደ ግብፅ ሲልከው የፈርዖንን ልብ እንደሚያጸና አስቀድሞ ነገረው። በዚህ ቃል ምክንያት ከጥንት ጀምሮ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። የተማረውም ያልተማረውም በማዕድ ዙሪያ፥ በለቅሶ ቤትና በሸንጎ ደጅ ያነሣዋል። ልቡን ያጸናው እግዚአብሔር ከሆነ ፈርዖን ምን በደለ፤ ስለ ምንስ በባሕር ሰጠመ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ነገሩን ወደ ራሱ መልሶ፥ ክፉ ብሠራ ዕድሌ ነው፤ ደግ ብሠራም ተጽፎልኝ ነው ይላል።

ይህ ጥያቄ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰው በፈቃዱ የማይሠራ ከሆነ ዳኛ በማን ላይ ይፈርዳል? ካህንስ ለማን ንስሓ ይሰጣል? ድኻን የበደለ ጌታ፥ ልቤን እንዲህ አድርጎ የሠራው ፈጣሪ ነው ብሎ ቢመልስ የተበደለው ወዴት ይጮኻል? ስለዚህ የመጽሐፉን ነገር በየተራው መመርመር ይገባል።

አስተውሎ ላነበበ ሰው የነገሩ ተራ ራሱ ብርሃን ይሰጣል። ውሃው ደም በሆነ ጊዜ የፈርዖን ልብ እንደ ጸና ይነገራል እንጂ ሌላ እንዳጸናው አይነገርም። ጓጉንቸሩ ሲጠፋለት ልቡን ያከበደው እርሱ ራሱ መሆኑን መጽሐፉ ይመሰክራል። በቅማሉ ጊዜ ልቡ ጸና፤ ዝንቡ ሲርቅለት ዳግመኛ ራሱ አከበደው፤ ከብቱ ባለቀ ጊዜም ልቡ ከበደ። አስቀድሞ ከተነገረው ትንቢት በቀር፥ ፭ መቅሠፍት እስኪፈጸም ድረስ እግዚአብሔር ልቡን አጸናው የሚል ቃል አይገኝም። ይህ ቃል የሚመጣው በ፮ኛው፥ በቍስሉ መቅሠፍት ነው። በ፯ኛውም በረዶው ሲወርድ ፈርዖን ኃጢአቱን በአፉ ተናዘዘ፤ በረዶው ሲቆም ግን ልቡን ራሱ መልሶ አከበደ። እንግዲህ ፈርዖን አስቀድሞ እንቢ ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ከ፮ኛው መቅሠፍት በኋላም ፈቃዱ ጨርሶ እንዳልተወሰደ በ፯ኛው ታወቀ።

በዕብራይስጡ ደግሞ በዚህ ታሪክ ስለ ልብ የተነገሩት ቃላት ፫ ናቸው። አንደኛው ሐዛቅ ነው፤ ጸና፥ በረታ ማለት ነው። ሁለተኛው ቃሻ ነው፤ ደነደነ ማለት ነው። ሦስተኛው ካበድ ነው፤ ይህም ከግእዙ ከብደ፥ ከአማርኛውም ከበደ ጋራ አንድ ዘር ነው። ፈርዖን በገዛ ልቡ ላይ ያደረገው በተነገረበት ስፍራ ሁሉ ቃሉ ይህ ካበድ ነው። ይኸው ቃል አስቀድሞ በምዕራፍ ፭ ይገኛል፤ ፈርዖን ጭድ ከልክሎ፥ የጡቡን ቍጥር ሳይቀንስ፥ በእስራኤል ላይ ሥራው እንዲከብድ ባዘዘ ጊዜ ተነግሯል። ምሥጢሩን ያስተውሏል። በሰው ጫንቃ ላይ ያከበደው ሸክም ዞሮ በገዛ ልቡ ላይ ከበደ። የድኻውን ጩኸት ላለመስማት የለመደ ጆሮ፥ በኋላ የእግዚአብሔርንም ቃል መስማት ተሳነው።

እግዚአብሔር አጸና መባሉስ እንዴት ነው ቢሉ፤ በመታገሡ ነው። መቅሠፍቱን ባራቀለት ቍጥር ፈርዖን ምሕረቱን ለንስሓ ሳይሆን ለእንቢታ ምክንያት አደረገው። የእስክንድርያው ኦሪገን ይህን ሲያስረዳ ፀሐይን መስሏል፤ አንዲት ፀሐይ ሰሙን ታቀልጣለች፥ ጭቃውን ግን ታደርቃለች፤ ልዩነቱ ከፀሐይዋ ሳይሆን ከተቀባዩ ነው። አንድም፤ ትቶት ነው። መድኃኒቱን አሥር ጊዜ የደፋውን በሽተኛ ባለ መድኃኒቱ ቢተወው፥ በሽታውን ያመጣው ባለ መድኃኒቱ ነው አይባልም። አንድም፤ ሐዛቅ ማበርታት ነውና፥ በድንጋጤ ብቻ እንዳይለቅቅ አበረታው ማለት ነው። ዱላ ፈርቶ የሚሰጥ ሰው በፈቃዱ ሰጠ አይባልምና፥ ከፍርሃት ድኖ በልቡ ያለውን ይገልጥ ዘንድ ኃይል ተሰጠው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጸናው በ፱ኛው ምዕራፍ ያለው ምስክር ነው። በረዶው ሳይወርድ፥ ሰውም ከብትም ወደ ቤት እንዲገባ ማስጠንቀቂያ ተነገረ። ከፈርዖን ሹሞች ወገን ቃሉን የፈሩት አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ፤ ያልፈሩት ግን በሜዳ ተዉአቸው። ሁሉም ግብፃውያን ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ንጉሥ ሎሌዎች ናቸው፤ የሰሙትም ቃል አንድ ነው። አንዱ ዳነበት፥ አንዱ ጠፋበት። ዕድል ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው ለምን ይነገር ነበር? በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ ፮ ደግሞ የፍልስጥኤም ካህናት ሕዝባቸውን ሲመክሩ፥ ግብፃውያንና ፈርዖን ልባቸውን ራሳቸው እንዳከበዱ ተናግረዋል። አሕዛብ ስንኳ ይህን እንዲህ ተረድተውታል።

እግዚአብሔር ፈርዖን እንቢ እንዲል አስቀድሞ ካወቀ፥ ፈርዖን ሌላ ማድረግ እንዴት ይቻለው ነበር ቢሉ፤ ማወቅና ማድረግ ሁለት ናቸው። በአምባ ላይ የቆመ ጠባቂ መንገደኛው ወደ ገደል ሲሄድ ያየዋል፤ ማየቱ ግን መንገደኛውን አይገፋውም። ባላገር የደመናውን መልክ አይቶ ዝናብ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ዝናቡን ግን አላዘነበም። የሰው ዕውቀት ሊሳሳት ይችላል፤ የእግዚአብሔር ዕውቀት አይሳሳትም። ቢሆንም የሚያውቀው ሰው በፈቃዱ የሚያደርገውን ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱ ፈቃዱን አያጠፋውም።

ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ ፱ የፈርዖንን ነገር አንሥቶ ሰውን በሸክላ ሠሪ እጅ ባለ ጭቃ መስሎ የለምን ቢሉ፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ ምሳሌው ሰው በፈጣሪው ላይ እንዳይታበይ ለማስተማር የተነገረ እንጂ ፈቃዱን ለማጥፋት አይደለም ብሏል። ሐዋርያው ራሱ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ ፪ ያንኑ የዕቃ ምሳሌ መልሶ፥ ራሱን ያነጻ ሰው ለክብር የሚሆን ዕቃ እንደሚሆን ያስተምራል። ራሱን የሚያነጻ ጭቃ የለምና ምሳሌው በሁሉ አይመሰልም። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ ፲፰ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ ያየውን ሲተረጕም፥ ከክፋቱ የተመለሰ ሕዝብ ከተነገረበት ጥፋት እንደሚድን ያስረዳል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ ፴ ሕይወትና ሞት፥ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ ፲፭ እሳትና ውሃ በሰው ፊት መቅረባቸው ሰው ይመርጥ ዘንድ ነው።

በዚህ ነገር በሁለት ወገን መውደቅ አለ። የማኒ ደቀ መዛሙርት የክፋትን ሥር ከጨለማ ባሕርይ ቈጥረው የሰውን ፈቃድ አደከሙ። ጰላግዮስ ደግሞ የሰውን ፈቃድ ከፍ ሲያደርግ የጸጋን ረድኤት አሳነሰ፤ አውግስጢኖስ ተከራከረው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ፬፻፲፰ ዓመት በካርታጎ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ትምህርቱን አወገዙ። መካከለኛው መንገድ ግን ይህ ነው፤ ዘሩና ዝናሙ ከእግዚአብሔር ናቸው፥ እርሻውን ማረስ ግን ከሰው ነው። ዝናም ሳይዘንብ የሚያርስ በከንቱ ይደክማል፤ ዘንቦለትም ያላረሰ በዝናሙ ማማረር አይችልም።

ስለዚህ ዕድሌ ነው የሚል ሰው የፈርዖንን ታሪክ ከፍጻሜው ሳይሆን ከመጀመሪያው ያንብብ። ልብ በአንድ ቀን አይከብድም፤ ትንሽ ትንሽ እንቢታ ተጨምሮበት ይከብዳል እንጂ። ጓጉንቸሩ ቤቱን፥ መኝታውንና ቡሃቃውን በሞላ ጊዜ ሙሴ መቼ እንዲጸልይለት ፈርዖንን ጠየቀው። ፈርዖንም ነገ ብሎ መለሰ። ዛሬ ማለት ይችል ነበር፤ የከለከለውም አልነበረም፤ ከጓጉንቸሩ ጋራ አንዲት ሌሊት ደግሞ ማደርን መረጠ። ፍርድ የሚጠብቅ ድኻ በደጁ ቆሞ ሳለ ነገ የሚል ሹም፥ ንስሓውንም ለነገ የሚያሳድር ሁሉ፥ ይህን ቃል ያስብ። ልብ ሳይከብድ ዛሬ ማለት ይቀላልና።