በወላይታ ሕዝበ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ለምን ተካሄደ?

የወላይታ ዞን ሕዝብ በ2015 ዓ.ም በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። የመጀመሪያው ጥር 29 ቀን፣ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በጋራ አዲስ ክልል ለመመሥረት ድምፅ ሲሰጡ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የወላይታውን ውጤት በሕግ ጥሰቶች ምክንያት ሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን እንዲደገም አደረገ። ሰኔ ደግሞ ገበሬው ከእርሻው የማይለይበት ወር ነው።

ድጋሚው የሂደቱን ጉድለት ለማረም እንጂ ሕዝቡ ሐሳቡን ለውጦ እንደሆነ ለመጠየቅ አልነበረም። የዞኑ ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም ያጸደቀው ጥያቄ ወላይታ ለብቻው ክልል እንዲሆን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅ ቢያዝም፣ አልተደራጀም። በ2015ቱ ድምፅ መስጫ ወረቀት የቀረቡት ምርጫዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎቹ ጋር አዲስ ክልል መመሥረት ወይም በነባሩ የደቡብ ክልል መቆየት። የራሱን ክልል የሚሻ መራጭ አሥር ጊዜ ቢጠራም ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አልነበረውም።

ድምፅ የሚሰጠው በነዋሪነት በመሆኑ፣ ኑሮውን ሳሪስ ወይም ቃሊቲ የመሠረተ የወላይታ ተወላጅ በሁለቱም ዙር መራጭ አልነበረም።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ተመሥርቷል። ለብቻ ክልል የመሆን ጥያቄ ዳግም ቢነሣ መነሻው ምርጫ ቦርድ ሳይሆን፣ የምክር ቤቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው።