የቪዲዮ ጌም ሞዶች ግጭትና የመጫኛ ቅደም ተከተል፦ ከአገር ቋንቋ ትርጉም አንጻር

ከአምራቹ ውጭ በሆኑ ሰዎች ተዘጋጅተው በቪዲዮ ጌም ላይ የሚታከሉ ማሻሻያዎች ሞድ ይባላሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ስካይሪም በሺህ የሚቆጠሩ ሞዶች ቢሠሩለትም የአፋን ኦሮሞም ሆነ የአማርኛ ቅጂ የለውም። ስለዚህ በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በሻምቡ የሚገኝ ተጫዋች ጌሙን በአገር ቋንቋ ማየት ከፈለገ መንገዱ ሞድ ነው፤ ሞዱ ግን ከሌሎች ጋር ሲጫን ትርጉሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል።

አንድ የነቀምት ተማሪ የብረት ጎራዴውን ስም በቁቤ «ጎራዴ ሲቢላ» ብሎ የሚተካ ሞድ ቢሠራና ተጫዋቹ የጎራዴውን ጉዳት የሚያሳድግ ሌላ ሞድ ቢጨምርበት፣ ሁለቱ የሚጣሉበት ምክንያት ያለ አይመስልም፤ አንዱ የነካው ስም፣ ሌላው የነካው ቁጥር ነውና። ጌሙ ግን ስምና ቁጥርን ለየብቻ አያነብም። ስም፣ ክብደት፣ ዋጋና ጉዳት በአንድ ሪከርድ የታሰሩ ናቸው፤ በመጨረሻ የተጫነው ፕለጊን ሪከርዱን በሙሉ ይወስዳል። የጉዳቱ ሞድ ኋላ ከተጫነ ስሙ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል፤ ትርጉሙ ኋላ ከተጫነ ጎራዴው ወደ ቀድሞ ጉዳቱ ይወርዳል። ተጠያቂ የሚደረገውም ብዙውን ጊዜ ተርጓሚው ነው።

ቅደም ተከተሉን መለዋወጥ ተሸናፊውን ከመምረጥ አያልፍም። መፍትሔው ከአንዱ ስሙን፣ ከሌላው ጉዳቱን የያዘ ሦስተኛ ትንሽ ፕለጊን፣ ማለትም ፓች፣ ሠርቶ ከሁለቱም በኋላ መጫን ነው። ኤክስኤዲት የተባለው መሣሪያ ተፎካካሪ ሪከርዶችን ጎን ለጎን በቀለም ለይቶ ስለሚያሳይ ሥራውን ያቀላል።

አማርኛ ሌላ ዓይነት ግጭት ያመጣል። ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ በጌሙ ውስጥ ያለው ቅርጸ ፊደል ይበቃዋል፤ ግእዝ ግን አዲስ ቅርጸ ፊደል ይሻል፤ ይህም ፎንትኮንፊግ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ይመዘገባል። የፊደል ቅርጽን የሚያሳምር ሌላ ሞድም ይህንኑ ፋይል ይዞ ቢመጣ አንዱ ሌላውን ይሽራል፤ የአማርኛው ጽሑፍም አይነበብም። እዚህ ላይ የፕለጊኖች ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ ፋይዳ የለውም። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱትም በዚህ ነው፦ ቁምነገሩ የትኛው ፋይል በትኛው ላይ ተገለበጠ የሚለው ነው፤ መፍትሔውም የሁለቱን ፋይሎች መስመሮች በእጅ ማዋሐድ ነው።

ፓች ማብዛትም ወሰን አለው። ጌሙ ለእያንዳንዱ ፕለጊን ሁለት የሄክሳዴሲማል አኃዝ ይመድባል፤ ከ256ቱ ቁጥሮች አንዱ ለጌሙ የተያዘ ስለሆነ 255 ይቀራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ልዩ እትም ግን 4,096 ቀላል ፕለጊኖችን በአንድ ቁጥር ሥር ስለሚቀበል ፓቾችን በዚህ መልክ ማዘጋጀት ይመረጣል።

ሉት የተባለው ፕሮግራም ቅደም ተከተሉን በራሱ ያስተካክላል፤ ነገር ግን የሚመራበት የደንብ ዝርዝር ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዝርዝሩ አይታደስም። ግንኙነት ቢኖርም እንኳ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የአካባቢ ትርጉም በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ስለሆነም ተርጓሚው የትኞቹን ሪከርዶች እንደነካ፣ ሞዱ ከየትኞቹ በኋላ መጫን እንዳለበትና የትኛውን ፋይል እንደሚተካ በአጭር ማስታወሻ ጽፎ ከሞዱ ጋር በዚያው ፍላሽ ላይ ማኖር ይኖርበታል።